ድምፅ የሚለበስበት ዘመን

እንዳላማው የሺዋስ የሚሰማው ሲተኛ ነው።

ነቅቶ ሳለ ዓለም ዝም ያለች ናት። ሰው ይናገራል፣ መኪና ያልፋል፣ በደብረ ማርቆስ ጎዳና ባጃጁ ሁሉ እየተንጫጫ ይሄዳል፤ ለእሱ ግን ሁሉም ከመስታወት ወዲያ የሚሆን ነገር ነው። ጋደም ብሎ እንቅልፍ ሲወስደው ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል፤ የጎረቤት ውሻ ሲያላዝን፣ በሬ ሲያገሳ፣ የደወል ድምፅ ከሩቅ ከጉሙ ጋር እየተጎተተ ሲመጣ ይሰማል። በስምንት ዓመቱ ማጅራት ገትር ጥሎት ሲነሳ ሁለቱም ጆሮዎቹ ተዘግተው ቀሩ። ፀበሉም ሐኪሙም ተሞከረ፤ አልሆነም። እስከዚያ ድረስ ያጠራቀማቸው ድምፆች ግን አልጠፉም። መሄጃ ቢያጡ ሕልሙ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ሕልሙ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከመታመሙ በፊት የሚያውቃቸው ሰዎች በሕልሙ በድምፅ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ያወቃቸው ግን ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እየሩስ፣ የክፍል ጓደኛው፣ ስንት ጊዜ በሕልሙ መጥታ ስትስቅ አይቷታል፤ የሳቋን ድምፅ ግን ሕልሙም አያውቀውም። እናቱ እቴናት ስትመጣ ሌላ ነው። እሷ ትናገራለች፣ ትጣራለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታንጎራጉራለች።

ቤታቸው ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። እቴናት ጥጥ ፈታይ ናት። እሱ ልጅ ሳለ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች፤ እሱ ጭኗን ተንተርሶ ያንቀላፋል፤ እሷም ልጁ እንዳይነቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ ትላለች፦

ጥጡን አባዝቼ ስፈትል ውዬ፣
እንቅልፍህ ቀጠነ እንደ ክር ሆድዬ።

ቃሉ ከአእምሮው አልወጣም። ዜማው ግን ኮሌጅ ገብቶ ግራፊክ ዲዛይን መማር ከጀመረ ወዲህ እያረጀበት መጣ። በሕልሙ እናቱ ስታንጎራጉር ድምጿ ደጋግሞ እንደ ታጠበ ጨርቅ ቀለሙን እየለቀቀ ሄደ። በመጨረሻው ዓመት አንድ ጠዋት ሲነቃ ደንግጦ ተቀመጠ። እናቱ በሕልሙ አንጎራጉራለት ነበር፤ ድምፁ ግን የማንም ሴት ድምፅ ነበር። እንግዳ ሴት የእናቱን ነጠላ ለብሳ የመጣች መሰለው።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገራል?

በዚያው ሰሞን መምህራቸው ንጉሴ የመመረቂያ ሥራቸውን ርዕስ ሰጡ። መምህር ንጉሴ ከሌላ አገር ተዛውረው የመጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። እንዳላማው የሚወድላቸው ነገር ቢኖር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ አይናገሩም፤ ሲናገሩም ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። ያን ቀንም ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«ሰው ሰራሽ አስተውሎት ዛሬ ዘፈን መሥራት ጀምሯል» አሉ። «እናንተ ስታረጁ ሙዚቃ ምን ይሆናል? ማን ይዘፍናል? ማን ይሰማል? በፖስተር አሳዩኝ። ማንም አላየውምና ተሳስታችኋል የሚላችሁ የለም።»

ክፍሉ ሲበተን እንዳላማውን አስቀሩት።

«ከፈለግህ ሌላ ርዕስ ልስጥህ። የማር ማሸጊያ የሚያሠሩ ሰዎች አሉ፣ ጥሩ ሥራ ነው።»

«ለምን?» አላቸው።

መምህር ንጉሴ ወለሉን እያዩ የሆነ ነገር አሉ። ሰው ሲያፍር ወደ መሬት ይናገራል፤ ወደ መሬት የተነገረ ነገር ደግሞ ለእንዳላማው አይደርሰውም። ያሉትን ግን መገመት አላቃተውም።

«ሙዚቃውን እሠራለሁ» አላቸው። የራሱን ድምፅ ልክ አያውቀውምና በኃይል ተናግሮ ኖሮ ከበሩ ውጭ ያሉ ልጆች ዞር ብለው አዩት።

ማለቱን አለ እንጂ ምን እንደሚሠራ አላወቀም። የክፍሉ ልጆች ፈጥነው ጀመሩ። አንዱ ክራር የሚደረድር የብረት ሰው ሣለ። ሌላዋ ከደመና ላይ የተንጠለጠሉ የጆሮ ማዳመጫዎች ሣለች። እንዳላማው ነጭ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይውላል። መስመር ይስባል፣ ያጠፋል። መስኮቱ ሲከፈት ጮቄ ከሩቅ ጉም ለብሶ ይታየዋል፤ ጉሙ ሲገለጥ ተራራው አለ፣ ሲመለስ ደግሞ የለም። ሙዚቃም ለእሱ እንደዚያ ያለ ነገር ነበር። እዚያ መሆኑን ያውቃል።

እየሩስ የሉማሜ ልጅ ናት። እናቷ አውቶቡስ ከሚቆምበት መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት፤ እየሩስ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ በሚጮህበት ቤት ነው ያደገችው። ኮሌጅ ስትገባ ከእንዳላማው አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዚያም የምልክት ቋንቋ አስተምረኝ ብላ ያዘችው። አሁን ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን በከንፈር ያወራሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ መጣ። እየሩስ ስልኳንና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ግጥም ስጠኝ» አለችው።

«ለምን?»

«ይኼ ፕሮግራም ግጥም ከሰጡት ዘፈን ያደርገዋል። የሚዘፍን ሰው የለም፤ ራሱ ነው የሚዘፍነው። እስኪ ከዚህ እንጀምር።»

የሚያውቀው ግጥም አንድ ነው። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ሁለቱን ስንኞች በስልኳ ላይ ጻፈላት። እየሩስ አነበበችው፤ የማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ የድምፅ ማጉያው ሽፋን ሲርገበገብ አየና መዳፉን አስቀመጠበት።

ንዝረቱ በጣቶቹ ገብቶ እስከ ክርኑ ወጣ። የሆነ ነገር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ምን እንደሆነ ግን አልለየውም። ዐይኖቹን ከእየሩስ ፊት ላይ አላነሳም።

«ምን ትመስላለች?»

«ሴት ናት። ወጣት። ድምጿ ያምራል።»

«ያምራል ማለት ምን ማለት ነው?»

እየሩስን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ዘፈኑን እንደገና አስጀመረችና ዐይኗን ጨፍና ሰማች።

«ሉማሜ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል» አለችው በመጨረሻ። «አውቶቡሶቹ መብራታቸውን አብርተው ይመጣሉ። መብራቱን ታያለህ እንጂ አውቶቡሱን አታየውም። እንደዚያ ነው የምትዘፍነው። መብራቷ ይመጣል፣ እሷ ግን አትታይም።»

እንዳላማው መዳፉን ከማጉያው ላይ ሳያነሳ ዐይኑን ጨፈነ። ጉሙ ታየው፤ በጉሙ ውስጥ ቢጫ መብራት እየተንሳፈፈ መጣ። ከታመመ ወዲህ ሰው ዘፈን ሲሰጠው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«እናቴን ትመስላለች?» ብሎ ጠየቀ።

«እናትህን ሰምቻቸው አላውቅም።»

ያኔ ነው የልቡን የነገራት። ሕልሙን፣ የሕልሙን ሥርዓት፣ ድምፁ እንዴት እየለቀቀ እንደሄደ፣ በእናቱ ነጠላ ስለመጣችው እንግዳ ሴት ነገራት። እየሩስ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ጠጋ አለች።

«እንፈልጋት» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እናቱን ለማሽኑ መግለጽ ሥራቸው ሆነ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። የገጠር ሴት። ጥጥ የምትፈትል። ለሰው ብላ የማትዘፍን። የተኛ ልጅ እንዳይነቃ የምትጠነቀቅ። ድምጿ ወፍራም አይደለም፣ ቀጭንም አይደለም፣ ጠዋት ከእሳት ዳር የተቀመጠ ውሃ ያህል ለብ ያለ። ማሽኑ ሴቶችን እያመጣ ሰጣቸው። እየሩስ እየሰማች፣ ይቺ ትጮሃለች፣ ይቺ የሠርግ ዘፋኝ ናት፣ ይቺ አዲስ አበባ ያደገች ናት እያለች ጣለቻቸው። ሦስቱን ግን መጣል አቃታት።

ነገሩ ግራ ነበር። እሱ ድምፁን ያውቀዋል፤ አይሰማም። እየሩስ ትሰማለች፤ አታውቀውም። እሷ ናት ብሎ ሊፈርድ የሚችል ሰው ያለው ደብረ ኤልያስ ነው።

በዚያ ሳምንት መንገዱ ሰላም ነበር። እንዳላማው ሦስቱን ዘፈኖች በስልኩ ጭኖ በሚኒባስ ተሳፈረ። ግንቦት ነው፤ ማሳው ታርሶ ቀይ ቀዩ ወጥቷል፤ አንዳንዱ ጋ ከአፈሩ እንፋሎት ይነሳል። ከመኪና ወርዶ ወደ ቤት የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ሲይዝ ከሩቅ እናቱን አያት። እንደ ሁልጊዜው ከደጃፉ ተቀምጣለች። እንዝርቷ ይሾራል፤ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ይህን ሲያይ ሁልጊዜ ሆዱ ይረጋጋ ነበር። እኔ አልሰማም እንጂ ቤቱ በዘፈን እንደተሞላ ነው፣ ይላል ለራሱ። ገና ልጅ እያለ ይህን እያሰበ ስንት ጊዜ ተጽናንቷል።

ሳመችው፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው፣ ከሳህ አለችው። ታየች የምትባለው ታላቅ እህቱ ከጓሮ ወጥታ መጣች። ውሃ ጠጣ፣ ተቀመጠ፣ የከተማውን ወሬ ነገራቸው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለታየች ሰጣት።

«እማ እንድትሰማው የምፈልገው ነገር አለ። ይኼን ንኪው።»

ታየች ነካችው። እንዳላማው የእናቱን ፊት ማየት ጀመረ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ እንዝርቱ ከእጇ ቀስ እያለ መዞሩን ተወ። ክሩ ረገበ።

«ቃሉ የኔ ነው» አለች። «ለማን ሰጠኸው?»

«ለማሽን ነው የሰጠሁት።»

«ይቺ የምትለው ማናት ታዲያ?»

«ሰው አይደለችም እማ። ማሽኑ ራሱ ነው። እኔ ያንቺን ድምፅ ነገርኩት፣ እሱ እየገመተ ሠራ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም ስሚና የትኛዋ አንቺን እንደምትመስል ንገሪኝ።»

እቴናት ሁለተኛውንም ሰማች፣ ሦስተኛውንም ሰማች። ፊቷ ላይ የሚያልፈውን ሊያነብ ሞከረ፤ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስታበቃ ለእሱ አልመለሰችም፤ ወደ ታየች ዞረች። ታየችም አንገቷን ደፋች። በመስማት ፈንታ በማየት ያደገ ሰው እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠውም።

«ምንድን ነው?» አለ።

«እማ እኮ ካንጎራጎረች...» ብላ ታየች ጀመረች። እናቷ በእጇ ተይ አለቻት። ታየች ግን ቀጠለች፤ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፣ ከንፈሯን በደንብ እያንቀሳቀሰች፣ «አንተ ከታመምክ ወዲህ አንጎራጉራ አታውቅም» አለችው።

እንዳላማው ወደ እናቱ ተመለሰ። «ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። አሁን ስመጣ እንኳ ይንቀሳቀስ ነበር።»

«ቃሉን እላለሁ» አለች እቴናት። «ድምፅ አላወጣበትም።»

«ለምን?»

እንዝርቷን ከመሬት አንስታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች።

«አንተ እንድታየው ነዋ። ድምፁን ምን ላድርገው? ብቻዬን ስሰማው ከአንተ የሰረቅሁ መሰለኝ። ከአልጋ በተነሳህ ሰሞን አንድ ቀን ጀመርኩ፤ አንተ ደግሞ ከጭኔ ላይ ቀና ብለህ አፌን ታያለህ። ተውኩት። በቃ፣ እንደተውኩት ቀረ።»

እንዳላማው ተነስቶ ወጣ። ከቤቱ ኋላ ካለው የባሕር ዛፍ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ነፋስ ነበር፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን እያገላበጡ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ብር ይሆናሉ። ሁልጊዜ ይህ ሁሉ ሲንሿሿ እንደሚኖር እያሰበ ነበር የሚያየው። አሁን ግን ዛፉም ዝም ያለ መሰለው። እሱ ከመስታወቱ ወዲህ ቢቀር ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ቤት በዘፈን የሞላ ነው ብሎ ነበር። ለካ ወዲያም ወዲህም አንድ ዝምታ ኖሯል። እናቱን ሊቆጣት ፈለገ፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ያስቆማት እሱ ነው፣ እሱም ምንም አላደረገም።

አባቱ የሺዋስ ከእርሻ ሲመለስ አየው። ቀንበሩን ካስቀመጠ በኋላ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ነገሩን ከታየች ሰምቶት ነበር። እንደ ልማዱ ልጁን ክንዱን ነካ አድርጎ ፊቱን እንዲያዞር ጠበቀና ተናገረ።

«እኔስ ነግሬያት ነበር። ልጁ አይሰማም ብለሽ ነው እንግዲህ፣ እኔ እኮ እሰማለሁ አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች፣ ሳቀች። ለኔም ብላ አልዘፈነችም።» የሺዋስ አፈሩን ከእጁ አራገፈ። «ናፍቆኝ ነበር» አለ ደግሞ፣ ስለ ዝናብ እንደሚናገር ሁሉ።

እንዳላማው ወደ ቤት ተመለሰ። እናቱ መፍተሉን አልጀመረችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ገብቶ ተቀመጠና መዳፉን በነጠላዋ ላይ፣ በትከሻዎቿ መሀል አሳረፈ።

«በዪ» አላት።

ወደ ኋላ ዞር ብላ፣ «ረስቼዋለሁ» አለችው።

«ቃሉን እየደጋገምሽ? እንዴት ትረሺዋለሽ?»

ፊቷን መለሰች። መጀመሪያ ጀርባዋ በትንፋሽ ሞላ። ከዚያ ከነጠላው ሥር አንድ ነገር ተነሳ። ከድምፅ ማጉያው ንዝረት ጋር አይገናኝም። ጥቂት ሄደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሊወድቅ ሲል ተያዘ፣ ከዚያ ተቋረጠ። ትከሻዋ ረገበ።

«ተሰበረብኝ» አለች ዞራ። ዐይኗ እንባ ሞልቷል፤ ግን ትስቅ ነበር። «እንደ ነቃ ማሰሮ ነው ድምፄ።»

«ደርሶኛል» አላት።

«ምኑ ደረሰህ?»

መዳፉን ዘርግቶ አየው። ጨርቁን አየው። በማግስቱ ሲመለስ እናቱ ራሷ ከፈተለችው ጥጥ የተሠራ ነጠላ ጠቅልላ ሰጠችው። በሚኒባሱ ውስጥ ታቅፎት እንቅልፍ ወሰደው፤ ሕልም አላየም።

ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ነጩ ስክሪን አላስፈራውም። ሲሠራ ሰነበተ። እየሩስ ስትመጣ ስክሪኑን ይሸፍንባታል፤ እሷም እያኮረፈች ትመለሳለች። በመጨረሻ ጠራትና አሳያት።

አራት ፖስተሮች ነበሩ፤ በአራቱም ላይ ብረት የለም፣ ሽቦ የለም፣ የሚያብረቀርቅ ዐይን ያለው ማሽን የለም። ያለው ነጠላ ነው። በመጀመሪያው ላይ አንድ ሽማግሌ ከደጃፍ ተቀምጠው ነጠላቸውን ደርበዋል፤ የነጠላው ጥለት ግን ቀጥ ያለ አይደለም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ቀለሙ ከቀይ ወደ ወርቅ ከወርቅ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከሩቅ፣ ከተራራው ማዶ፣ አንዲት ነጥብ የምታህል ሴት ትዘፍናለች። በሁለተኛው የገበያ ሰው ሁሉ ነጠላ ለብሶ በአንድ ጊዜ አንገቱን ያዘነበለበት ነው። በሦስተኛው እናት አፏን ከፍታ ትዘፍናለች፤ ልጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ ነጠላው ሁለቱንም ሸፍኗል። በአራተኛው ሰው የለም። ባዶ ነጠላ ብቻ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ንፋስ ይዞታል፤ ጥለቱም እየበራ ነው። ከሁሉም ግርጌ በእጁ ስሎ ባወጣው ፊደል «ድምፅ የሚለበስበት ዘመን» ይላል።

እየሩስ ብዙ ቆማ አየች።

«አስተውሎቱ ጨርቁ ውስጥ ነው ያለው» አላት። «የሚዘፍነው ሰው ነው። ማሽኑ ይሰማል፤ ድምፁን ንዝረትና ቀለም ያደርገዋል። ከዚያ የትኛውን ለትከሻ፣ የትኛውን ለጀርባ፣ የትኛውን ለቀለም እንደሚሰጥ ይመርጣል። ለባሹን እያደር ይማረዋል። ምን ሲሆን ትንፋሹን እንደሚስብ፣ ምን ሲሆን እንደሚተኛ ያውቃል።»

«ሦስቱን ሴቶችስ ምን አደረግሃቸው?»

«አሉ። አልጣልኳቸውም። ግን እነሱ እሷ አይደሉም።»

የመመረቂያ ሥራዎቹ ትርኢት የሆነው በሰኔ ነው። ዝናቡ አዳራሹን ከቦ ይወርዳል፤ የተማሪዎቹ ቤተሰቦች ጥላቸውን በሩ ላይ እያራገፉ ይገባሉ። ከእንግዳ ዳኞች አንዱ ከእንዳላማው ፖስተሮች ዘንድ ሲደርስ ቆመና ግራ ቀኙን ቃኘ።

«ማሽኑ የት አለ?»

«ጨርቁ ውስጥ።»

«ሙዚቀኛውስ?»

«ማንም ሊሆን ይችላል። እናቴም ልትሆን ትችላለች።»

«ይኼ ሕልም ነው እንግዲህ» አለ ሰውዬው ፈገግ ብሎ፤ የሆነ ነገር ጽፎ አለፈ። አንደኛ የወጣው ክራር የሚደረድረው የብረት ሰው ነበር፤ ደግሞም በእውነት የተዋበ ሥዕል ነበርና እንዳላማው አልተከፋም። መምህር ንጉሴ ግን ትርኢቱ ሳያልቅ ተመልሰው መጡ። ፊቱን እያዩ፣ አንድ አንድ ቃል እየለዩ፣ «ያኔ ርዕስ ልቀይርልህ ማለቴ ስህተት ነበር። ባዶ ነጠላ ያለበትን ቢሮዬ ብሰቅለው ትፈቅድልኛለህ?» አሉት።

ከሰዓት በኋላ እቴናትና ታየች ደረሱ። እቴናት ኮሌጁን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። እየሩስ ሮጣ ጥላቸውን ተቀበለቻቸውና፣ «እንኳን ደህና መጡ እማማ እቴናት» አለች። እቴናት በፖስተሮቹ ፊት ቀስ እያለች አለፈች፤ ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«ነሽ።»

«አፌን ለምን እንዲህ ከፈትከው?»

«እየዘፈንሽ ነዋ።»

እንዳላማው ነጠላው ምን እንደሚሠራ ነገራት። እሷም ለብርድ የሚሆን ነገር እንደሚነገራት ሁሉ በጥሞና አየችው።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አላውቅም እማ። ምናልባት ሳረጅ ይሆናል። ምናልባትም ላይመጣ ይችላል።»

«ሲመጣስ» አለች እቴናት፣ ዐይኗን ከሥዕሉ ሳታነሳ፤ ታየች ክንዷን ነካ ስታደርጋት ግን ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ደገመችለት። «ሲመጣስ ምን ይዞልህ ሊመጣ ነው፣ እኔ ዝም ካልኩ?»

መልስ አልጠበቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሌሎቹ ልጆች ሥዕል ሄደች፤ የብረቱን ክራር ደርዳሪ ስታይ ሳቀች።

ክረምቱ ሲገባ ከታየች መልእክት መጣለት፦ «እማ ጀምራለች። ድምጿ ሻክሯል። ትናንት ወለተ ኪዳን ከአጥር ማዶ ማን እንግዳ መጣባችሁ ብላ ጠየቀች።» እንዳላማው በቆመበት ደጋግሞ አነበበው።

ተመርቆ አሁን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ይሠራል። የሠርግ ካርድ ይሠራል፣ የክርስትና ባነር ይሠራል፣ የሙት ዓመት ፎቶ ያሳምራል። ከሥራ ሲወጣ ከእየሩስ ጋር በአንድ ስልክ ጥገና ቤት ይቀመጣሉ። ጠጋኙ ከሞቱ ስልኮች ውስጥ ስልኩን ቫይብሬት የምታደርገውን ጥቃቅን ሞተር እያወጣ ይሰጣቸዋል። እየሩስ ከፊቷ ቪዲዮ ከፍታ ስልክ የሰማውን ለሞተሮቹ የሚያስተላልፍ ኮድ መጻፍ ትማራለች። እሱ ሞተሮቹን በነጠላ ላይ ይሰፋል። የመጀመሪያው ሽታ አውጥቶ ተቃጠለ። ሁለተኛው የሚሰማውን ሁሉ አንድ አድርጎ ይንጫጫል ብላ እየሩስ ጣለችው። ሦስተኛውን ለመስቀል በዓል ይዘውት ደብረ ኤልያስ ሄዱ።

እቴናት ከደጃፉ ተቀምጣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ አንጎራጎረች። እንዳላማው ነጠላውን ደርቦ ዐይኑን ጨፈነ። ግራ ትከሻው ላይ ዝንብ ያረፈበት ያህል ሆነ፤ ከዚያ ቀኙ ላይ፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ዜማ አልነበረም። ዜማ እንዳልነበረም ሲጠይቁት በግልጽ ነገራቸው።

«እንግዲህ ምን ነበር?» አለች እየሩስ።

«የሆነ ሰው ከሌላ ክፍል ሲራመድ የሚሰማ ያህል ነው። ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ግን ሰው ነው።»

እየሩስ ይህን ስልኳ ላይ ጻፈችው፤ የሚስተካከለውን እያሰበች ነበር። የሺዋስ ደግሞ ከውጭ ገብቶ ነገሩን አይቶ ነጠላውን ከልጁ ትከሻ ላይ አነሳና ራሱ ደረበው። እቴናት ካቆመችበት ቀጠለች። የሺዋስ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጥቂት ቆየ።

«ይኮረኩራል» አለ።

ልጁ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። የሺዋስ ግን ነጠላውን ሰብሰብ አድርጎ ከግድግዳው ተደገፈና፣ ለሚስቱ በእጁ ቀጥይ አላት።